የትውልድ ቆጣሪው ማስታወቂያ

እንጅባራ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥላ ባለችው ጠባብ ክፍል ከእቴ ማናየሽ ጋር ተጋርተን እንሠራለን። ግማሿ የእሷ የሙሽራ ልብስ ኪራይ ነው፤ ግማሿ የእኔ፣ «ዓለምነው ዲጂታል ማርኬቲንግ»። ድንበራችን ቬሎ የለበሰች፣ ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት ናት። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው በእሷ አጠገብ ማለፉ ስለማይቀር፣ ብዙዎቹ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ጭንቅላት ያለው ሰው በማግኘታቸው ብቻ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በላይ አይጠብቁም፤ እኔም ከዚያ በላይ ብዙ አልሰጥም።

የምሠራበት መሣሪያ ቀላል ነው። አንድ ቃል ትጽፍበታለህ፤ እሱ ደግሞ ፌስቡክ ሰውን በየፍላጎቱ ከመደበባቸው ክፍሎች መካከል ያ ቃል የሚነካቸውን ሁሉ ዘርግፎ ያወጣልሃል። ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ሰው እንዳለበት ይጽፋል። አንተ ትመርጣለህ፤ ማስታወቂያህ ለእነዚያ ሰዎች ብቻ ይታያል። አማርኛ ስለማያውቅ ቃሉን በእንግሊዝኛ እጽፍለታለሁ። አውንጊ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ደግሞ ጭራሽ አልሰማም። ይህን ሁሉ አልሰማም እንጂ ስለ እኛ የማያውቀው የለም ይላል፤ ከእሱ የባሰ የከተማ ሰው አይቼ አላውቅም።

ለምሳሌ አንድ የድንች ዘር ነጋዴ መጣና «ድንች» ብዬ ፈለግኩለት። መሣሪያው የድንች ጥብስ፣ የድንች ሰላጣ፣ የድንች ቺፕስ ወዳጆችን በሚሊዮን ቆጥሮ አመጣልኝ፤ ሁሉም ባሕር ማዶ። አዊ ዞን ውስጥ ስንት ድንች ወዳጅ አለ ብዬ ስጠይቀው፣ የለም አለኝ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። እኛ ጡት ከጣልንበት ቀን ጀምሮ ድንች እንበላለን እንጂ፣ ድንች እወዳለሁ ብሎ የተናገረ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። ለቀርቀሃ ወንበር ሠሪው «ቀርቀሃ» ብዬ ስፈልግ ደግሞ ቀርቀሃ የሚበላውን የቻይና ድብ፣ ፓንዳን፣ የሚወዱ ሰዎች መጡ። ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ ማስታወቂያውን ለፓንዳ ወዳጆች ለቀቅኩት። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ ቅዳም አንድ ሰው ደወለ። ፓንዳው ስንት ነው አለ።

እቴ ማናየሽ ይህን ሁሉ ከአሻንጉሊቷ ጀርባ ሆና ትሰማለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላለች፤ ሚሊዮን የሚል ቃል ከአፌ በወጣ ቁጥር። የእሷ ደንበኞች በእግራቸው መጥተው፣ ለክተው፣ አልቅሰው፣ ተከራይተው ስለሚሄዱ ትዕቢት ይሰማታል።

አያ አድማሴ የመጡት ባለፈው ኅዳር፣ በገበያ ቀን ነው። ከግምጃ ቤት ማዶ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ግን ስማቸው የታወቀው በእርሻ አይደለም። ትውልድ ቆጣሪ ናቸው። በእኛ አገር ወንድና ሴት ሰባት ቤት ካልራቁ አይጋቡም። ሁለት ልጆች ተዋደው ሽማግሌ ሲላክ፣ ሽማግሌው ከልጅቱ አባት ደጅ በፊት የሚደርሰው አያ አድማሴ ደጅ ነው። እሳቸው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ከሰባት ቤት በታች የጋራ አባት ከተገኘ ነገሩ እዚያው አለቀ። ወረቀት የላቸውም። የሦስት ወረዳ ሰው እርስ በርሱ ምን እንደሆነ በራሳቸው ውስጥ ነው ያለው።

እቴ ማናየሽ ገና ከበር ስታያቸው ፊቷ ተቀየረ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ስንት ቬሎ ተለክቶ፣ ተጣጥፎ፣ በእኚህ ሰውዬ ጣት ምክንያት ሳይለበስ እንደቀረ እሷ ብቻ ታውቃለች።

አያ አድማሴ ወንበር ስስብላቸው ተቀመጡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መካከል አቆሙ። ስለ እኔ የነገራቸው ያ የቀርቀሃ ወንበር ሠሪ ነው። ፓንዳውን ሳይነግራቸው ቀረ መሰለኝ።

«የማይፈልግህ ሰው ፊትም መታየት ይቻላል አሉ» አሉኝ። «እውነት ነው?»

ሥራዬን እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እውነት ነው፣ እንዲያውም ሥራው ራሱ እሱ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ነገሩን አወጡ። ማስተዋል የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አላቸው፤ ነርስ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ይኸነው የሚባል የዳንግላ ልጅ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቆጣሪ መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ የልጅቱ አባት ራሱ ቆጣሪው ነው። አያ አድማሴ አርባ ሰው በተቀመጠበት ቆጠሩ። በልጃቸው በኩል ስድስተኛው ቤት ጓንጉል መጣ፤ በይኸነው በኩልም ስድስተኛው ቤት ጓንጉል መጣ። ዘመድ ናችሁ አሉ። ልጅቱ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ እሳቸው ግን ቁጥር አይለመንም አሉ። በሳምንቱ ማስተዋልና ይኸነው ጠፉ። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ ተባለ፤ የየትኛው ከተማ ማዘጋጃ ቤት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ስልኳን ቀየረች። ፌስቡክ ላይ የጎረቤት ልጅ ቢፈልጋት በስሟ የለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትኑር ትሙት አያውቁም።

ይህ እንኳ በየመንደሩ ያለ ታሪክ ነው። የከፋው ቀጥሎ መጣ። በዚህ ዓመት መስከረም አዘና ቀብር ሄደው፣ አንዲት ዘጠና ያለፋት ባልቴት የሟቹን አባቶች ስትጠራ ሰሟት። ጓንጉል ስትል ቆም አለችና፣ የቱ ጓንጉል ብላ ራሷን ጠየቀች። ጓንጉል ለካ ሁለት ነው። አንዱ የአዘናው፣ አንዱ የባንጃው። የማስተዋል የአዘናው ነው፤ የይኸነው የባንጃው ነው። የሚያገናኛቸው ስም እንጂ ደም የለም። ሦስት ወረዳ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው፣ የገዛ ልጁ ላይ ሲደርስ ሁለት ሰው አንድ አድርጎ ቆጠረ። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን አልሳሳትም ነበር አሉ፤ ለሌላው ስቆጥር ሁለት ጊዜ ነው፣ በቤቴ ሲሆን ግን እርግጠኛ ስለነበርኩ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።

የሚፈልጉት ግልጽ ነው። ልጃቸው ይህን ከእሳቸው እንድትሰማና ወደ ቤት እንድትመለስ።

መሣሪያውን ከፈትኩ። ዕድሜ? ያውቃሉ፤ በወሩም በቀኑም። ቦታ? አያውቁም፤ ኢትዮጵያን በሙሉ ጻፍኩ። ከዚያ ሦስተኛው ሣጥን ጋ ደረስን።

«ምን ትወዳለች?» አልኳቸው።

ሣጥኑን ጎንበስ ብለው አዩት። ጥያቄው ያልገባቸው መስሎኝ ደገምኩት። ገብቷቸዋል። ዱላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና፣ ታዛዥ ነበረች አሉ። እኔም ምን አገባኝ፣ ታዛዥነት የሚለውን ጽፌ ፈለግኩ። መሣሪያው የውሻ ሥልጠና የሚል መለሰልኝ፤ አሥራ አራት ሚሊዮን ሰው። አልነገርኳቸውም። ዝምተኛ ነበረች አሉ። ድምፅ አልባ ፊልም ወዳጆች መጡ። ባለሙያ ነበረች፣ እጇ ንጹሕ ነው አሉ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጣ። አልተገኘም፣ አልተገኘም እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ ጭንቅ ሲላቸው ወደሚያውቁት ተመለሱ፤ ማስተዋል፣ አድማሴ፣ ደምለው፣ ፈንቴ እያሉ በአውንጊ ጀመሩ፣ ከዚያ ለእኔ ብለው በአማርኛ ደገሙት። የአምስት ሙታን ስም ጠርተው ስለ አንዲት ሕያው ልጅ አንድ ነገር መናገር አቃታቸው።

«አያ አድማሴ» አለች እቴ ማናየሽ ከአሻንጉሊቷ ጀርባ፣ «የፈረስዎን እናት ስም ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ» አሉ ጎንበስ ብለው።

ያን ቀን ከእሷ ጋር ተጣልቼ ዋልኩ፤ ደንበኛዬን በማሳፈሯ ሳይሆን እኔ ልናገረው የሚገባኝን ቀድማኝ በመናገሯ።

እናትየው ታውቃለች አሉ አያ አድማሴ ሲነሱ። ይጠይቋታ አልኩ። እሱ ነው ችግሩ አሉ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አታናግረኝም። እንዴት አንድ ቤት ትኖራላችሁ ብላቸው፣ በፈረሱ በኩል አሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ውዴ ከድሮም ሲቆጡ ለባላቸው አይናገሩም፤ ዳማ ለሚባለው ፈረሳቸው ነው የሚናገሩት። ዳማ፣ ለጌታህ ምሳ ቀርቧል በለው። ዳማ፣ ጌታህን ጨው አልቋል በለው። ማስተዋል እቤት እያለችም በየጠቡ እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ግን ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። አሁን ሦስት ዓመት ሆነ። ፈረሱ ከባልየው የበለጠ የቤቱን ጉዳይ ያውቃል።

ከስምንት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። ከኪሳቸው አንድ የደብተር ሉክ አወጡ። በረት ውስጥ ገብተው፣ ከዳማ ጎን ቆመው፣ ዳማ፣ ማስተዋል ምን ትወድ ነበር ብለው ጠይቀዋል። ወይዘሮ ውዴ እንስራ ይዘው ሲያልፉ ሰሙና ቆሙ። በመጀመሪያው ቀን መንገዳቸውን ቀጠሉ። በሁለተኛው ቀን ለፈረሱ አንድ ነገር ነገሩት። በሦስተኛው ቀን ሁለት። አያ አድማሴ እየሰሙ ጻፉ።

አንደኛው፣ አመድ ውስጥ የተጠበሰ ድንች፣ ልጡ ያረረው። ሁለተኛው፣ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ። ሦስተኛው ላይ አያ አድማሴ ማንበብ አልቻሉም፤ ሉኩን ለእኔ ሰጡኝ። «ፈረስ» ይላል።

በዚያች ቀበሌ ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ የምትወጣው በሙሽርነቷ ቀን ብቻ ነው። ማስተዋል ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ እሑድ እሑድ አባቷ ቅዳሴ ላይ እያሉ፣ በዳማ ስትጋልብ ኖራለች። እናቷ አጥር በር ላይ ቆመው ይጠብቁላታል። አባትየው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፈረሱ ላብ በላብ ሆኖ ያገኙትና፣ ዝንብ አስቸገረው ይሏቸዋል ወይዘሮ ውዴ። ሰውየው ዓመታት ሙሉ ዝንብ ሲረግሙ ኖሩ። በየዓመቱ ጥር በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ዳማን አስጊጠው ሲያልፉ፣ ያን ፈረስ እንዲህ ለስላሳ አድርጎ ያሠለጠነው የእሳቸው እጅ ይመስላቸው ነበር። እንዲህ ሲሉኝ ዓይናቸው ሞላ፤ እኔም መሣሪያዬ ላይ አቀረቀርኩ። የሰው አባት ሲያለቅስ የማየት ልምድ የለኝም።

«ፈረስ» ብዬ ፈለግኩ። የእንግሊዝ እሽቅድምድም መጣ፣ የዱባይ ባለ ብዙ ብር ፈረሶች መጡ፣ ካውቦይ መጣ። ቆረጥኩ፣ አጠበብኩ። ሴት፣ ዕድሜዋን ዋሽታ እንደሆነ ብዬ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አማርኛ የምትናገር፣ ፈረስ መጋለብ የምትወድ። መሣሪያው ከአንድ ሺህ ሰው በታች ነው፣ በጣም ጠባብ ነው፣ አስፋው ብሎ አስጠነቀቀኝ። አላሰፋሁትም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሣሪያው የተሻልኩ መሰለኝ።

ፎቶ ስለሚያስፈልግ በማግስቱ ከእሳቸው ጋር በሚኒባስ ግምጃ ቤት ወረድኩ፤ ከዚያ በጋሪ። ዳማ ያረጀ፣ ጨዋ ፈረስ ነው። ቀይ በጥልፍ የተሸለመ ልብሱን አልብሰው አቆሙልኝ። ወይዘሮ ውዴ ከበረቱ በር ላይ ሆነው አዩኝና፣ ዳማ፣ ይህ እንግዳ እርጎ ይጠጣ እንደሆነ ጌታህን ጠይቀው አሉ። አያ አድማሴ አዎ ይጠጣል አሉ ለፈረሱ። መጣልኝ። በዚያ ቤት ውስጥ የማናወራው እኔና ፈረሱ ብቻ ነበርን።

ጽሑፉ ላይ ተጣላን። እኔ «ልዩ መልእክት ለውድ ልጃችን፣ አሁኑኑ ይደውሉ» የሚል አዘጋጅቼ ነበር። አያ አድማሴ ሰምተው ሲጨርሱ፣ ይህን የተናገረው ማነው አሉ። ማንም አልተናገረውም። እንግዲያው አይጻፍ አሉና እሳቸው ያሉትን አጻፉኝ፤

«ማስተዋል አድማሴ። አድማሴ ደምለው። ደምለው ፈንቴ። ፈንቴ ዋሴ። ዋሴ እንግዳ። እንግዳ ጓንጉል። ይህ ጓንጉል የአዘናው ነው። የይኸነው ጓንጉል የባንጃው ነው። ሁለት ሰው ናቸው። አንድ አድርጌ የቆጠርኩ እኔ አድማሴ ነኝ። አጥፍቻለሁ። ዳማ ደህና ነው፤ እናትሽም ደህና ናት።»

ልለቀው ስል እጄ ቆመ። ይህ ለልጅዎ ብቻ አይታይም አልኳቸው፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚል ምርጫ የለውም። ያየ ሁሉ ለሌላው ይልካል። ነገ ግምጃ ቤትም አዘናም ይሰማል። ከዚህ በኋላ ቁጥርዎን ማን ያምናል?

«ስሳሳት አርባ ሰው ፊት ነው» አሉ። «ሳምን ተደብቄ ነው?»

ለቀቅኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ፍሬ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። አሥራ ሰባት ሰው ፈረሱ ይሸጣል ወይ አለ። አንዱ የጥልፉን ዋጋ ጠየቀ። አንዲት ልጅ የልብ ምልክት አደረገችና፣ ፈረሱ የሞተ መስሏት የሚያለቅስ ፊት ጨመረች። አንድ የማላውቀው ሰው ጓንጉል ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው ብሎ ሙሉ ገጽ ጻፈ፤ ሌላው መጥቶ ሰደበው፤ ሁለቱ የፈረሱ ፎቶ ሥር ለሦስት ቀን ስለ ጓንጉል ተሰዳደቡ። ከዚያ አንዱ የግምጃ ቤት ጎረምሳ «ትውልድ ቆጣሪያችን ማጥፋቱን አመነ» ብሎ፣ ከሥሩ ብዙ የሚስቅ ፊት ደርድሮ፣ የአገር ልጆች በሞሉበት ገጽ ላይ ለጠፈው። ማስታወቂያዬ በስምንት ቀን ያልሄደውን ያ ስድብ በአንድ ከሰዓት ሄደ።

ሽማግሌዎች አያ አድማሴ ደጅ መምጣት አቆሙ። ለጥር የታሰቡ ሁለት ሠርጎች ሌላ ቆጣሪ ፍለጋ ተራዘሙ። እቴ ማናየሽ ሁለት ቬሎ ከመስቀያ አውርዳ መልሳ ሰቀለችና፣ አየህ፣ ሰውዬው ሲቆጥርም ሲያቆምም የሚጎዳኝ እኔን ነው አለች። አያ አድማሴ ግን በየገበያው ቀን ይመጡ ነበር። መጣ? ይላሉ። አልመጣም እላለሁ። ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። እየዋለ ሲያድር የበሩን ድምፅ ስሰማ ቀና ብዬ ማየት ተውኩ፤ አልመጣም ማለት ሰልችቶኝ ሳይሆን፣ ሽማግሌው ያላቸውን ብቸኛ ስም በእኔ እጅ አስፈጅቼባቸው ልጃቸውን ሳላመጣላቸው እንዳልቀር ስለፈራሁ ነው።

በአንዱ ገበያ ቀን እሳቸው ተቀምጠው ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ፀጋነሽ ትባላለች፤ አዲስ ቅዳም አስተማሪ ናት። ማስታወቂያውን አይታው ነው የመጣችው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የእሷን ጋብቻ ያስቀሩት እሳቸው ነበሩ፤ ልጁ ሌላ አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ እሷ አላገባችም። ይህን ሁሉ ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች። አያ አድማሴ ተነሱ። ተቀመጪና እንደገና ልቁጠርልሽ፣ ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ አሉ። አውራ ጣታቸውን ያዙ።

«አይቁጠሩ» አለች። «ትክክል ከሆነ ምንም አይጠቅመኝም። ስህተት ከሆነ አልችለውም።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፀጋነሽ በአሻንጉሊቷ በኩል ስታልፍ የቬሎውን ጨርቅ በሁለት ጣት ነካ አደረገችና ወጣች። እቴ ማናየሽ ለወትሮው ጨርቅ ሲነካባት የምትጮኸው፣ ያን ቀን በዓይኗ ሸኘቻት። አያ አድማሴ ተመልሰው ተቀመጡ፤ የተነሱት ገበያው ሲበተን ነው።

በማግስቱ ኔትወርክ ጠፋ፤ ለአምስት ቀን አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሲመለስ ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። ከፈረስ ገዢዎችና ከጓንጉል ወገኖች መካከል አንድ አዲስ ጽሑፍ ነበር። የጸሐፊው ስም የማንም አልነበረም። ሥዕሉ ከኮርቻ ላይ ሆኖ የሚታዩ ሁለት የፈረስ ጆሮዎች ናቸው። አነበብኩት፤ ከዚያ እቴ ማናየሽን ጠርቼ አስነበብኳት። ዓይኗን በቬሎ ጨርቅ ጠረገች፤ የኪራይ መሆኑን እንኳ ረሳች።

ለአያ አድማሴ በጎረቤታቸው ስልክ አስደወልኩ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ግን ቀትር ሳይሆን ደረሱ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አንብብ አሉኝ። አነበብኩ፤

«ዳማ፣ ለጌታህ ንገርልኝ። ጓንጉል አንድ ቢሆንም ሁለት ቢሆንም ይኸነውን አገባው ነበር። ጌታህ አንተን እንዴት እንደምጋልብህ እንኳ አያውቅም፤ የማገባውን ግን ሊቆጥርልኝ ተነሣ። አሁንም ቆጠራውን ከእኔ መጀመሩን ይተው። ከእኔ በታች አንዲት አለች፤ ሁለት ዓመት አልፏታል። ስሟን ከፈለገ መጥቶ እሷን ይጠይቃት። ለእናቴም ደህና ነኝ በላት።»

ድገመው አሉ። ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜ አስነበቡኝ። ለፈረሱ ነው የጻፈችው አሉ በቀስታ፤ እንደ እናቷ። ቅር አላላቸውም። በሦስት ዓመት ውስጥ በቤታቸው የለመዱት ንግግር እሱ ስለሆነ፣ ከሌላው ሁሉ በላይ ልጃቸው መሆኗን ያረጋገጠላቸው ይህ ነው።

ማስታወቂያው የደረሳት በእኔ መሣሪያ በኩል ይሁን በዚያ ጎረምሳ ስድብ በኩል አላውቅም። ሥራዬ ስለሆነ የእኔ ነው ብዬ በሩ ላይ ጨምሬ ለመጻፍ አስቤ ነበር። እቴ ማናየሽ ሐሳቤን ከፊቴ አንብባ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም አለችኝ። አልጻፍኩም።

አያ አድማሴ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። ለመቁጠር እንደሚያደርጉት በግራ እጃቸው አውራ ጣታቸውን ያዙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ለአውራ ጣቱ የሚሰጡት ስም አልነበራቸውም። ሌባ ጣታቸው ማስተዋል ሆነች፣ የመካከለኛው ራሳቸው ሆኑ። ተመልሰው አውራ ጣቱ ላይ ቆዩ።

ምን ልመልስላት አልኳቸው። ሳይነግሩኝ ገባኝ ብዬ፣ «ስሟ ማን ነው» የሚለውን መጻፍ ጀምሬ ነበር። በዱላቸው ጫፍ ጠረጴዛዬን መታ አደረጉ።

«ስሟን አይደለም» አሉ። «ዳማ ነው የሚጠይቅሽ በላት። ልጅቷ ምን ትወዳለች?»

የጀመርኩትን አጥፍቼ ያሉትን ጻፍኩ።